ለማን ስንት ብዬ ነበር?

የጥቅምት ፀሐይ እንደዚህ ሲወጣ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። ያላለቀ ሪፖርት አለብኝ፣ እናቴ ጋ፣ እቴቴ ጋ፣ እደርሳለሁ ብዬም ነበር። ሁሉንም ትቼ ሄልሜቴን አነሳሁና ወጣሁ። ወዴት? ወዴትም። ከሜክሲኮ በሰንጋተራ አድርጌ ለገሃር፣ ከዚያ ቸርችልን ወደ ላይ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ከዚያ መመለስ። ተራራና በረሃ እንዲያቋርጥ የተሠራ ሞተር ገዝቼ የማቋርጠው ይህንኑ ነው። ዓባይ በረሃን እወርዳለሁ ያልኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ እባካችሁ አታስታውሱኝ።

ያልሰማ ካለ (አይመስለኝም፣ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለኝም)፣ ሮያል ኢንፊልድ ሂማሊያን ነው፣ ባለ 452 ሲሲው። ከአገር የሚወጣ ሰው ነው የሸጠልኝ፤ ሳይነዳው ሄደ ቢባል ይቀላል። የፈቃዱን ነገር አታንሱብኝ። በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስ አይቻልም ከተባለ ወዲህ አንዲት ወረቀት ለመያዝ ስንት በር እንደሚንኳኳ ያንኳኳ ያውቀዋል። በመሥሪያ ቤት በኩል ተጨረሰ።

መልመዱ ነው ያላለቀው። መቀመጫው ከመሬት 825 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም። የእኔን እግር የሰጠችኝ ግን እቴቴ ናት፣ የእሷን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁለቱንም እግሬን ላውርድ ካልኩ በጣቶቼ ጫፍ ነው የምንጠለጠለው፤ ስለዚህ ባቆምኩ ቁጥር አንዱን መምረጥ አለብኝ። ሜዳ ላይ ምንም አይደል። ቸርችል ግን ሜዳ አይደለም። ቴዎድሮስ አደባባይ ሊደረስ ሲል ያለው ዳገት ላይ ሰልፉ ቀጥ ሲል ቀኝ እግሬ የኋላ ፍሬን ላይ ይውላል፣ ግራው ለብቻው 196 ኪሎ ይዞ አስፋልት ላይ። መንገዱ በግራ በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ያለበት ቦታ ከቆምኩ እግሬ ይወርድና መሬቱን ያጣዋል። አንድ አራት ጣት ነው የሚያንሰው። በዚያች ቅጽበት የማውቃቸው ታቦታት ሁሉ ይጠራሉ።

አሁን አሁን ከመቆሜ በፊት ከፊቴ ያለውን መኪና ትቼ አስፋልቱን አያለሁ። ስነሳ ፍሪሲዮኑን በጣም በቀስታ እለቃለሁ፤ የሆነ ቦታ ላይ ሞተሩ ድምፁን ወፈር ያደርግና መሪው መዳፌ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ፍሬኑን መልቀቅ ያኔ ነው። ከዚያ ከቀደምኩ ወደ ኋላ፣ የሰው ቪትዝ ላይ። የፊት ጎማው ደግሞ 21 ኢንች ነው፤ ጉድጓድ አይበግረውም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ግን እንደ ዕድር ዳኛ ብዙ አስቦ ነው የሚዞረው። አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩት ጋሼ ተ. የነገሩኝ አንድ ነገር ከማኑዋሉ ሁሉ ይበልጥ ረድቶኛል፦ «ጉድጓዱን አትዪው። ካየሽው ትገቢበታለሽ፤ መውጫሽን እዪ»። እውነት ነው፣ ዓይን ያረፈበት ነው ሞተሩም የሚሄደው። ኮሪደር ልማቱ ከጨረሰው መንገድ ወጥቼ ወደ ውስጥ ኮብልስቶን ስገባ፣ በተለይ ሰው ደጁን አጥቦ ውኃውን ሲደፋው፣ ዓይኔን ከእርጥቡ ድንጋይ ማንሳት ከጾም ይከብዳል።

ጉልበቱንም ልንገራችሁ። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ይላል። ያ ከባሕር ወለል ብዙ ላልራቀ ሰው ነው። እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ሳስቷል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድለዋል፣ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ነዳጁን በኮምፒውተር እየመጠነ ስለሚረጭ እንደ ድሮዎቹ ካርቡራተሮች ቤንዚን በዝቶበት አይታፈንም፣ ጥቁር ጭስም አይተፋም። የሌለ አየር ግን ከየት ያመጣል? ስምንት ያህል ፈረስ ቸርችል ላይ ከእኔ ጋር የለም ማለት ነው። ለከፍታው ተብሎ ከዋጋው የተቀነሰልኝ ነገር ግን አልነበረም።

ዋጋ ካልኩ አይቀር።

ለገሃር መብራት ላይ አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ቆመ። ረዳቱ በሩን ይዞ ግማሽ አካሉ ውጭ ነው። ሞተሩን ከፊት ጎማ እስከ ማርሚታ ቃኘውና «ብራዘር! ስንት ገዛኸው?» አለኝ። በሄልሜትና በጃኬት ሁሌም ብራዘር ነኝ፣ ለምጄዋለሁ፤ ድምፄን ካሰማሁ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፣ «የባልሽ ነው?» የሚል። ስለዚህ ሦስት ጣት አወጣሁለት። ሦስት ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ረዳቱ ግን ገባው፤ ራሱን ነቀነቀና «አልተበላህም» አለኝ። ከኋላው የተቀመጡ አንድ አባት «ኧረ ተበልቷል!» አሉ። ጋቢና ያለው ደግሞ ወንድሙ ሐዋሳ ላይ በስንት እንደገዛ ማውራት ጀመረ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ክርክሩ ገና እየሞቀ ነበር፤ እኔ ቸርችልን ስወጣ ራሴን የጠየቅኩት ለማን ስንት ብዬ እንደነበር ነው። እስከ ፒያሳ አልደረስኩበትም። ቤት ገብቼም አልደረስኩበትም።

ለእቴቴ ግማሹን ነው የነገርኳት። ይሄንን አስታውሳለሁ። ግማሹንም ሰምታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «በዚህ ብር እኮ ሰው ቤት ያድሳል» አለችኝ። እውነቱን ብነግራት ምን ልትሆን እንደነበር ገብቷችኋል። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ለቡና ለተሰበሰቡት ጎረቤቶቿ ዋጋውን በእጥፍ ተናገረች። ልጇ ርካሽ ነገር ገዛች እንዲባል አትፈልግማ። እኔ በግማሽ ቀነስኩ፣ እሷ በእጥፍ ጨመረች፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ትክክለኛውን ዋጋ የማታውቅ ብቸኛዋ ሰው እናቴ ናት። እትዬ ስ. በር ላይ አግኝተውኝ ቁጥሩን ቁርጥ አድርገው ሲነግሩኝ ሞተሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ደውሎላቸው ነው እንዴ ብዬ ነበር የደነገጥኩት። የሚያስቀኝ ደግሞ እቴቴ ለሰፈሩ ሁሉ ካወራች በኋላ «የሰው ዓይን እንዳያርፍበት በሸራ ሸፍኚው» ማለቷ ነው። በሸራ ሸፍነነዋል። ዋጋው ግን ሸራውን ቀድሞ ወጥቷል።

መካኒኩ ጋ ዝቅ አድርጌ ነበር፣ የእጅ ዋጋ እንዳያከብድብኝ። የ500 ኪሎ ሜትሩን የመጀመሪያ ዘይት ሊቀይር ብሎኑን እየፈታ፣ ቀና ሳይል «እህቴ፣ በዚህ ዋጋ ካገኘሽ ለእኔም ሁለት አምጪልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ጋ ስለ ዋጋ አይነሳም።

ዕቁብተኞቹ ግን አይሸወዱም። መቼ እንደደረሰኝና ስንት እንደደረሰኝ ስለሚያውቁ ዝቅ ብል «ቀሪው የት ሄደ?»፣ ከፍ ብል «ጭማሪውን ከየት አመጣችው?» ይመጣል። ስለዚህ ለእነሱ የሞተሬ ዋጋ ከዕጣዬ ጋር አንድ ነው፣ ሳንቲም አይጎድል፣ አይተርፍ። በብድር መኪና የገዛው የቢሮ ጎረቤቴ ሲጠይቀኝ ደግሞ ከመኪናው ቅድመ ክፍያ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ጠራሁለት። ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ቀኑን ሙሉ ደግ ሆኖ ዋለ፣ ማኪያቶ ሁሉ ጋበዘኝ።

ይሄንን ውሸት ነው የምትለኝ አንዲት ጓደኛ አለችኝ (ራስሽን ታውቂዋለሽ)። እኔ አይመስለኝም። እኛ አገር ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሊገዛ አይደለም የሚጠይቀው። እናት ስትጠይቅ ልጄ ብሯን በተነች ወይስ ደህና ናት ማለቷ ነው፤ የቢሮ ሰው ሲጠይቅ ቀድመሽኛል ወይ ማለቱ። ረዳቱ ደግሞ እስኪ መብራቱ እስኪለቅ እንጫወት ነው ያለኝ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር መስጠት ለበዓል የመጣን እንግዳ ሁሉ «እንደምን አደርክ» ብሎ እንደ መሸኘት ነው፤ ለሽማግሌም፣ ለሕፃንም፣ ለአማችም። እንዲህ የሚል ሰው አልዋሸም፤ እንግዳውን ግን አላየውም።

ደግሞስ እውነተኛው ዋጋ የቱ ነው? አንዱ ዘመዴ ይሄንኑ የሚመስል ሞተር ድሮ በስንት እንዳየ ነግሮኝ «ተጫወቱብሽ» አለኝ። እሱ የሚያወራው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበረበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዛሬ እውነቱን የነገርኩት ሰው ከዓመት በኋላ ወይ ሞኝ ይለኛል፣ ወይ ቀማኛ። ብሩ ራሱ በአንድ ቃል የማይረጋ ሆኖ እኔ ልርጋ?

እሺ፣ ለእናንተስ? ለእናንተማ አልናገርም። ከእናንተ መካከል እቴቴ ስልክ ቁጥሯን የያዘቻቸው እንዳሉ አውቃለሁ።

ጣጣው የመጣው ግን ከመድን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ስለሆነ ገብቻለሁ፤ እሱ ዋጋ አይጠይቅም፣ ሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት ነው። ሙሉውን ልግባ ስል ግን ቅጹ ላይ «የተሽከርካሪው ግምት» የሚል ባዶ ቦታ ተቀመጠልኝ። ዝቅ ካደረግኩት የዓመቱ ክፍያ ይቀልልኛል፣ ሲሰበር ግን የሚከፍሉኝም በዚያው ልክ ነው። ከፍ ካደረግኩት የሌለ ብር ስገፈግፍ ልኖር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ የሆነውን ቁጥር መጻፍ የሚያዋጣበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው፣ እስክሪብቶ ሁሉ አንስቼ ነበር።

ከዚያ ቅጹን የሰጠችኝን ልጅ ቀና ብዬ አየኋት። የእትዬ ስ. የመጨረሻዋ ናት። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ እሰይ። ለሥራዋ ምስጢር ጠባቂ ትሁን አትሁን አላውቅም፤ እናቷን ግን አውቃለሁ። እውነቱን ከጻፍኩ ማታውኑ ቡና ላይ «ልክ እንዳልሽው እኮ ነው!» ብለው እቴቴን ሊያመሰግኗት ነው። እቴቴ ደግሞ ያለችው ነገር ከራሷ የፈጠረችው እንደሆነ ታውቃለች። ሒሳብ አይጠፋባትም፣ ሱቅ ስትነግድ ነው ያሳደገችን። ግማሹን ከጻፍኩ እናቴ በሰፈሩ ሁሉ ቀጣፊ ተብላ ልትቀር ነው፣ እኔም ሞተሬ በተሰበረ ቀን ግማሽ ሞተር ይከፈለኛል።

«ቤት ሞልቼው ላምጣ» ብያት ወጣሁ። ቅጹ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ከሪፖርቱ ጋር ተኝቷል። ሙሉው ይቅርብኝ፣ በሦስተኛ ወገኑ ብቻ ልኑር እላለሁ፤ ከዚያ ያ ዳገት ትዝ ይለኛል። እዚያ ከነሞተሬ የምወድቀው እኔ ነኝ። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ቪትዙ ነው።