አለርጂ እያለብኝ መሪ የምይዘው እንዲህ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ራይድ እሠራለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአበባ ሲሸፈን አለርጂዬ ይነሳል። መድኃኒት ሳልወስድ መንዳት አይታሰብም፤ ስታስነጥስ ዓይንህ ይጨፈናል፣ ከፊትህ ደግሞ ሚኒባስ ድንገት ይቆማል።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ክሎርፌኒራሚን ነበር። ርካሽ ነው፣ አፍንጫን ያደርቃል፣ ሰውየውንም ያደነዝዛል። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤት ስገባ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት “ሹፌር ነኝ” እላለሁ። ይህን የሰማች አንዲት ፋርማሲስት ሎራታዲን አወጣችልኝ። ክሎርፌኒራሚን አንጎል ውስጥ ገብቶ፣ ነቅተን እንድንቆይ የሚረዳውን ሂስታሚን ሥራ ያግዳል። ሎራታዲን ግን በታዘዘው መጠን ከተወሰደ ወደ አንጎል እምብዛም አይዘልቅም። ሴትሪዚን የሚባለው ሌላው የአለርጂ መድኃኒት መሃል ላይ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ያስተኛል፣ ሌላውን ምንም አይለውም።

“እኔን አያስተኛኝም” ከሚሉ ጓደኞቼ ጋር ሁሌ እንከራከራለን። የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎችን በመንጃ ሲሙሌተር (መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ) ፈተኗቸው። 50 ሚሊግራም ዳይፈንሃይድራሚን (የክሎርፌኒራሚን ዘመድ ነው) ሲወስዱ የነዱት፣ ደማቸው ውስጥ 0.1 በመቶ ገደማ አልኮል እያለ ከነዱትም የባሰ ሆነ። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው፦ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ ማለታቸው ወይም አለማለታቸው አነዳዳቸውን በደንብ አልጠቆመም።

ስለዚህ የራሴን ስሜት አላምንም። አዲስ መድኃኒት የምጀምረው በማግስቱ ሥራ በሌለኝ ቀን ማታ ነው። ጠዋት ዳኛዋ ባለቤቴ ናት። “ምነው ፈዘዝክ?” ካለች ያ መድኃኒት ከመሪ ጋር አይሄድም። (እሷ ዝም ስላለች ብቻ ደግሞ ክሎርፌኒራሚን ውጬ አልወጣም።)

ጫት ቃምበት፣ ቡና ጠጣበት የሚሉኝም አሉ። ቡና ትንሽ ያነቃ ይሆናል፤ መድኃኒቱን ግን ከሰውነት አያወጣም። ጫቱ ደግሞ ምርቃናው ሲወርድ የባሰ ድካም ያመጣል። በአንዱ ላይ ሌላ መደረብ ነው የሚሆነው።

የጉንፋን ክኒን ስገዛ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያው ክሎርፌኒራሚን ከፓራሲታሞል ጋር ተደባልቆ አለ። እንቅልፍ የሚያመጣው ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከታዘዘልኝ ደግሞ መኪናዋ ግቢ ትውላለች። የዕለቱ ገቢ መቅረቱ ያበሳጫል፤ ባለቤቴም ቀኑን ሙሉ ሳጉረመርም ትሰማኛለች።