ዶቃ የመሰለችው አረፋ

ናይት ገብቼ ነበር። ነርስ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ አንዲት የ26 ዓመት ልጅ ትርፍ አንጀት ተብላ ለኦፕራሲዮን አዘጋጃት ተባልኩ። ካኑላ፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የምትገባዋን ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፣ ግሉኮሱን ሰቀልኩ። ግሉኮስ ያልኩት ለወጉ ነው፤ ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ጨው ውሃ ነበር። እኛ አገር የተሰቀለ ሁሉ ግሉኮስ ነው።

ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ዓይኗ ቱቦው ላይ ነው።

«ዶክተር፣ ያቺ ዶቃ የመሰለችው ነገር ምንድን ናት?»

ወንድ ነርስ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ። አየሁት። ሦስት አራት አረፋዎች ተከታትለው ይወርዳሉ። ስቸኩል ቱቦውን አየሩ እስኪወጣ ድረስ በፈሳሹ በደንብ አላጠብኩትም።

«ምንም አይደለም፣ ሳንባሽ ታጠፋታለች» አልኳት።

ለአብዛኛው ሰው እውነት ነው። በደም ሥር የገባች ትንሽ አረፋ ወደ ቀኝ ልብ ትሄዳለች፣ ከዚያ ወደ ሳንባ፤ የሳንባ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይይዟትና እዚያው ትጠፋለች። ብቻ ይቺ ልጅ እንደ አብዛኛው ሰው አልነበረችም። ቻርቷን አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱን የላይኛዎቹን የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ከተወለደች ጀምሮ ቀዳዳ አለ። የሚዘጋላትን ቀን እየጠበቀች ነው የታመመችው።

ከኋላዬ አንድ እጅ መጣና የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ ዘጋው። ተረኛዋ ሲስተር ናት። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ቱቦውን ነቅላ በሌላ ቀየረችው፤ እስከ ጫፉ ድረስ ውሃ ሞላችው፤ መገጣጠሚያውን ሁሉ በጥፍሯ ቷ ቷ አደረገችው። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

«ቻርቷን አላየህም?»

«አይቻለሁ። ግን ደሙ የሚያልፈው ከግራ ወደ ቀኝ ነው አይደል? አረፋው ወደ ግራ አይሄድም።»

የኮሌጅ ደብተሬን ነው የደገምኩላት። ደብተሬም አልዋሸም። በግራው የላይኛ ክፍል ያለው ግፊት ከቀኙ ትንሽ ይበልጣል። ከታች ያለው የቀኝ ክፍል ደግሞ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ደም ወደሚቀለው ይሄዳል። ስለዚህ ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣው ደም ከፊሉ ወደ ሰውነት መሄዱን ትቶ በቀዳዳው ሾልኮ ተመልሶ ሳንባ ይገባል። ውሃ ከምንጭ ቀድቶ እዚያው ምንጭ ላይ እንደ መድፋት ነው። የዚህችኛዋ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲለካ ወደ ሳንባ የሚሄደው ወደ ሰውነት ከሚሄደው እጥፍ ነበር። ቀኙ ልቧ ያን ሁሉ ትርፍ ሲሸከም ኖሮ ሰፍቷል።

እንዲህም ሆኖ ለዓመታት አስም ነው ተብላ የሚነፋ መድኃኒት ስትወስድ ነበር። ዳገት ስትወጣ ይደክማታል፣ አለቀ። በነገራችን ላይ አልፈርድባቸውም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው ራሱ ድምፅ አያሰማም። በማዳመጫ የሚሰማው ለስላሳ ድምፅ ትርፉ ደም ወደ ሳንባ በሚያስገባው በር ሲያልፍ የሚመጣ ነው። ጆሮ ካልሰጡት ያመልጣል።

ሲስተር ታግሣ አዳመጠችኝ።

«ስታስልስ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ስታምጥስ? ስታስመልስስ? ትርፍ አንጀት ይዟት እኮ ነው።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰው ሲያስል ወይም አምጦ ሲለቅ የቀኙ ግፊት ለቅጽበት ከግራው ሊበልጥ ይችላል። ያቺ ቅጽበት ለአንድ አረፋ ትበቃለች። ግራ ከገባች ሳንባ የለ፣ ማጣሪያ የለ፤ መንገዱ ወደ አንጎልም ነው፣ ወደ ልብ የራሱ ደም ሥርም ነው። ከእግር የተነሳ የረጋ ደምም በዚሁ በር ሊያልፍ ይችላል። ለካ ደብተሬ ላይ ያለችው ቀስት የምታሳየው ደሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበትን ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ በዓይኔ አየሁት። ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ያልታወቀ ሌላ ታካሚ ኢኮ ሲደረግለት ገባሁ። ጨው ውሃ ከጥቂት አየር ጋር በሁለት ሲሪንጅ መካከል ተንጦ በክንዱ ደም ሥር ተሰጠው። ወዲያው የሚሟሙ ደቃቅ አረፋዎች ናቸው፣ ያኔ እኔ እንደለቀቅኳቸው ዶቃዎች አይደሉም። የቀኙ ክፍል ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆነ። ግራው ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ከዚያ «አምጥ... ልቀቅ» ተባለ። ሲለቅ ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ እያሉ ወደ ግራ ተሻገሩ። ቆሜ የማስበው ያቺን ሌሊት ነበር።

ልጅቷ ኦፕራሲዮኑን በሰላም ጨረሰች። በማግስቱ ናይት ስገባ ነቅታ አገኘኋት። ያልኳት ነገር ስህተት እንደነበርና ለምን ቱቦው እንደተቀየረ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከቱቦው አልነቀለችም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናቷን ልካ አስጠራችኝ።

«ዶክተር፣ አንድ አየሁ።»

ባትሪ አበራሁና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቱቦው ላይ ከውጭ የተንጠለጠለች የውሃ ጠብታ ናት። በጣቴ ጠረግኳትና አሳየኋት። ጠብታዋን አየች፣ እኔን አየች።

ምንም አላለችም። ቱቦውን ቀየርኩላት።