በአንድ ቴርሞስታት የታሰረ ፎቅ

ለገጣፎ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥርዓቱን እንድመረምር በታኅሣሥ ወር ተጠርቼ ነበር። በየፎቁ አንድ ማሽን ተተክሏል፤ ማሽኑን የሚያዘው ደግሞ ኮሪደር ላይ የተሰቀለ አንድ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እያነበበ ማሽኑን የሚያስነሳና የሚያቆም መቆጣጠሪያ፣ ብቻ ነው። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል የተቀመጡት ሠራተኞች ኮታቸውን አውልቀው መጋረጃ ሲስቡ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ሹራብ ደርበው ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። በምሥራቁ ክፍል ኮርኒስ ላይ ያለው የአየር መውጫ በካርቶንና በፕላስተር ታሽጎ ነበር። በስንጥቁ የሚሾልከው አየር የካርቶኑን ጠርዝ በአቧራ አጥቁሮታል፤ ከታሸገ መክረሙ ያስታውቃል።

የሕንፃው ባለቤት «ኢንጂነር፣ ማሽኑ አቅም ስላነሰው ትልቅ ይግባ ተብያለሁ» አሉኝ። እኔ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በየክፍሉ ቴርሞሜትር አስቀምጠን በየሰዓቱ እንድንመዘግብ ጠየቅኳቸው። የምሥራቁ ክፍል 27 ዲግሪ ሲደርስ የምዕራቡ ገና 17 ላይ ነበር፤ ኮሪደሩ 21 ስለሚያነብ ማሽኑ ለሁለቱም ሳይደርስ ቆሟል።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ የቀትር ፀሐይ ከፍ ብላ ይበልጡን የምታርፈው ጣሪያው ላይ ነው፤ የጧትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ መስታወት በቀጥታ ትገባለች። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ይሞቃል። በዚህ ምክንያት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፎቅ ላይ፣ አንዱ ወገን ሙቀት ሲፈልግ ሌላው ቅዝቃዜ ይሻል፤ በአንድ ቴርሞስታት የሚታዘዝ እንዲህ ያለ ማሽን ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ በአንድ ጊዜ ለአንዱ ሞቃት ለሌላው ቀዝቃዛ አየር አይልክም።

ባለቤቱ ይህን ተቀብለው ፎቁ የየራሱ ማሽንና ቴርሞስታት ላላቸው ወገኖች እንዲከፈል ከተስማሙ በኋላ ክፍፍሉ የኤሌክትሪክ ወጪን ለማከፋፈል እንዲያመች በሥራ ክፍል እንዲሆን ፈለጉ። በዚህ አልተስማማሁም፤ የሒሳብ ክፍሉ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጫፍ ስለሚዘረጋ ያው ችግር በአዲስ ስም ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ነባሩ ማሽን ለምሥራቁ ወገን ቀርቶ ለምዕራቡ የራሱ ማሽንና ቴርሞስታት ተገጠመለት፤ ለወጪውም በየማሽኑ ቆጣሪ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ መቀዝቀዝ ያለበት የሰርቨር ክፍል ከሁለቱም ተነጥሎ ወጣ።

አዲሱን ማሽን ስንመርጥ ያላለፍኩት ነገር የቦታው ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን እዚህ 0.9 ገደማ ስለሆነ፣ በካታሎግ የተጻፈውን ያህል ሙቀት ለማጓጓዝ በመጠን አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ አየር መንፋት ያስፈልጋል። ይህን ስሌት የሚዘልሉ ዲዛይኖች በተደጋጋሚ አጋጥመውኛል፤ ያሳዝነኛልም።

የምዕራቡን መስኮቶች ከውጭ እንዲከልሉ ያቀረብኳቸው የቁም ላሜራዎች ለሚቀጥለው በጀት ተላልፈዋል። እኔ ከማሽኑ በፊት እነሱ ቢቀድሙ እመርጥ ነበር፤ የ10 ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከመስኮቱ በላይ የወጣው የኮንክሪት ጥላ አያግዳትም።