ጣቴ ሲንቀጠቀጥ የሰማኝ አምላክ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ከጨረር ሕክምና በኋላ ይጥለኝ የነበረው ሕመም ቆሟል። ያቆመው እግዚአብሔር ነው። እንዴት እንዳቆመው ግን ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ በእኔ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይኖራልና።

ጭንቅላቴ ውስጥ የተገኘው ሜኒንጂዮማ የሚሉት እጢ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ከአንጎል ሽፋን ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። የእኔው የተቀመጠው ቀኝ እጅን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ ስለሆነ ሐኪሞቹ ራስ ቅሌ ሳይከፈት በጋማ ናይፍ እንድታከም መረጡ። ስዊድናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሴል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስጀመረው ሕክምና ነው፤ ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው እጢው ላይ ይገናኛሉ። ጭንቅላቴ እንዳይነቃነቅ በፍሬም ታሰረ፣ ተኛሁ፣ በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ። ቤተሰቡ ሁሉ አመሰገነ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የልጄን ፀጉር እያበጠርኩ ሳለ የቀኝ እጄ አውራ ጣት በራሱ ጊዜ ይዘል ጀመር። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። መዝለሉ ወደ አንጓዬ፣ ወደ ክርኔ፣ ከዚያ ወደ ጉንጬ ወጣ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትል እሰማታለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። «ኢየሱስ» ልል ጀምሬ ግማሹ እንኳ አልወጣም፤ በልቤ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ስነቃ መሬት ላይ በጎኔ ተኝቻለሁ፣ ምላሴ ተነክሷል፣ ቀኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አልነሣ ብሎኛል። ለካ አፌ ውስጥ ማንኪያ ሊያስገቡ የመጡትን ባለቤቴ ከልክሎ፣ በጎኔ አዙሮ፣ ሰዓቱን እያየ ነበር። አምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ሊጠራ ነው። ያን እርጋታ ለሰጠው አምላክ ለብቻው ምስጋና ይድረሰው።

ኤምአርአይ ተነሣሁ። እጢው አላደገም፤ ዙሪያው ያለው አንጎል ግን ውሃ ቋጥሮ አብጧል። ጨረሩ ካረፈ ከወራት በኋላ እንዲህ ያለ እብጠት ሊመጣ እንደሚችል፣ ያበጠው ቦታ ሲቆጣም እንደሚጥል ሐኪሙ አስረዳን። ለእብጠቱ ዴክሳሜታዞን፣ ለሚጥለው ሌቬቲራሲታም ታዘዘልኝ።

ትግሉ የመጣው ያኔ ነው። ጌታ ሰምቶኝ ከነበረ ይህ ከየት መጣ? ዴክሳሜታዞኑ እንቅልፍ ነሣኝ፣ ፊቴን አሳበጠው። ሌላኛው ደግሞ ብስጩ አደረገኝ (ባለቤቴ ምስክር ነው፤ ደግነቱ ዝም ይላል)። የሌሊት ጸሎቴ ከልመና ይልቅ ወቀሳ ይበዛበት ነበር። በዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች «እምነት ካለሽ ክኒኑን ጣዪው» አሉኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አልተቀበልኩም። ሕዝቅያስ አልቅሶ ሲጸልይ እግዚአብሔር ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት፤ እዚያው ታሪክ ውስጥ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ አስደረገለት። ተስፋውን የሰጠ አምላክ በለሱን አልተጸየፈም። ደግሞም እነዚህን መድኃኒቶች ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ክኒኑን እየዋጥኩ ጸለይን። ባለቤቴ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «ጌታ ሆይ፣ ይህን እብጠት አንተው አውርደው» ይል ነበር፤ አጭር ጸሎት ናት፣ ማታ ማታ አትቀርም። መጣሉ እየራቀ ሄደ። ቀጥሎ ጣቴ ላይ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ከዚያ ጭራሽ ቀረ። በሚቀጥለው ኤምአርአይ ሐኪሙ የበፊቱንና ያሁኑን ምስል ጎን ለጎን አሳየን፤ በእጢው ዙሪያ ነጭ ሆኖ ይታይ የነበረው እብጠት ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። ባለቤቴ እዚያው ሐኪሙ ፊት እልል አለ። እኔ አፍሬም ስቄም አላባራሁ። ስሙ ይባረክ!

እጢው አሁንም እዚያው ነው። የሕክምናው ዓላማም እንዳያድግ ማድረግ ነው፤ አላደገም። ዴክሳሜታዞኑን ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስቆመኝ። ለሚጥለው ሕመም የታዘዘልኝን መድኃኒት ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ፣ «ተመስገን» ብዬ እውጠዋለሁ። መኪና መንዳት ገና አልተፈቀደልኝም፤ ለእርሱም እየጸለይን ነው፣ አግዙን።