ከካልኩሌተር እስከ ፕሮጀክተር፦ ከብርሃን ቫልቭ ጋር አራት ወራት

ከአራት ወራት በፊት አንድ አሮጌ ፕሮጀክተር እጄ ገባ። ግድግዳው ላይ የሚጥለው ምስል መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቢጫ እድፍ ነበረበት። አምፖሉ ያረጀ መስሎኝ ቀየርኩት፤ እድፉ ግን ንቅንቅ አላለም። ጉዳዩን ከሥሩ ለመማር የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ፕሮጀክተሩ ምስል የሚሠራበት ፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል በሥርዓት የሚደረደሩ ነገር) በራሱ አያበራም። ከኋላው የመጣውን ብርሃን እንዲያልፍ ወይም እንዲታገድ ያደርጋል፤ የብርሃን ቫልቭ የተባለውም ለዚህ ነው። ይህን በዓይኔ ለማየት ከተጣለ ካልኩሌተር ጀመርኩ። ከማሳያው ላይ የፊተኛውን የፖላራይዘር ልጣጭ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ቀስ ብዬ ሳነሳ ቁጥሮቹ ጠፉ። ልጣጩን መልሼ ስይዘው ታዩ፤ 90 ዲግሪ ሳዞረው ደግሞ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ብሩህ፣ ብሩሁ መደብ ጥቁር ሆነ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያሉት ሞለኪውሎች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድረው የብርሃኑን ንዝረት ሩብ ዙር ያዞሩታል። ቮልቴጅ ሲደርሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ብርሃኑም ሳይዞር ሁለተኛው ፖላራይዘር ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁት። ማሳያው ከጠርዙ ጀምሮ ጠቆረ፤ ሲበርድ ተመለሰ። በ1888 ፕራግ ውስጥ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ያየውም የዚሁ ዓይነት ለውጥ ነው፦ ኮሌስትሪል ቤንዞኤት የተባለ ውህድ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ደፍራሳ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ላይ ደግሞ ጠራ። ሙቀት ከልኩ ሲያልፍ የሞለኪውሎቹ ሥርዓት ይፈርሳል፤ የሚያዞር ነገር አይኖርም።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። ማሳያውን ከባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኝቼ ለቀናት ተውኩት፤ ቁጥሮቹ ደበዘዙና አልተመለሱም። ቀጥተኛ ጅረት ፈሳሹን በኬሚካል ያበላሸዋል። አሁን አቅጣጫውን በሰከንድ 60 ጊዜ የሚገለባብጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ከአርዱዊኖ (ፕሮግራም ከሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እሰጠዋለሁ።

በንባቤ ከሁሉ ያስደነቀኝ በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ፣ በሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ የተሠራው ቫልቭ ነው። ፒክስል የሚባል ነገር የለውም። ከአንድ ወገን እንደ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለ የትንሽ ካቶድ ቱቦ ምስል ብርሃን በሚነካው የካድሚየም ሰልፋይድ ንብርብር ላይ ያርፋል፤ ብርሃን በነካው ቦታ ቮልቴጁ ወደ ፈሳሽ ክሪስታሉ ያልፋል። ከሌላው ወገን የዜኖን አምፖል ብርቱ ጨረር መጥቶ ከመሀከለኛው መስታወት ይንጸባረቃል። ደካማው ብርሃን ይጽፋል፣ ብርቱው ያነባል፤ ሁለቱም እንዳይገናኙ የካድሚየም ቴሉራይድ ንብርብር ይጋርዳቸዋል። ይህን ሥዕል ወረቀት ላይ ደጋግሜ ሳልኩት፤ እስካሁን አልጠገብኩትም።

ወደ ፕሮጀክተሬ ልመለስ። ዳይክሮይክ መስታወቶች (አንዱን ቀለም አሳልፈው ሌላውን የሚያንጸባርቁ) ነጩን ብርሃን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገው ይከፍሉታል፤ ብርሃኑ በሦስት ትንንሽ የፈሳሽ ክሪስታል ፓነሎች ያልፍና ፕሪዝም ላይ ይገናኛል። በቀጭን መስመሮች የተሸነሸነ አንድ መስታወት ትርፍ መስሎኝ ነበር። ለካ ፖላራይዘር የሚጥለውን ግማሽ ብርሃን አቅጣጫውን አስተካክሎ የሚያተርፈው እርሱ ነው። እድፉን ያገኘሁት በሰማያዊው መንገድ ላይ ነው፦ ከፓነሉ ፊት ያለው ፖላራይዘር መሀሉ እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ሆኗል። ከነጭ ላይ ሰማያዊ ሲጎድል የሚተርፈው ቢጫ ነው።

ከሌላ ከተጣለ ፕሮጀክተር ቁራጭ ወስጄ ተካሁት። ቢጫው ጠፋ፤ ጥቁሩ ምስል ግን ሰማያዊ ጭጋግ ለበሰ። ልጣጩ 5 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ መታገድ ከነበረበት ብርሃን 0.8 በመቶ ያህሉ ያመልጣል፤ በጨለማ ክፍል ዓይን ይህን ያያል። የአምፖሉ ማስነሻ ቮልቴጅ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ ክዳኑን ከፍቼ አላበራም። አጥፍቶ፣ ነቅሎ፣ ጥቂት አዙሮ፣ ዘግቶ እንደገና ማብራት ነው። በአሥራ አንደኛው ሙከራ ጭጋጉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ በግራው የታችኛው ማዕዘን ብቻ ትንሽ ቀርቷል። ልጣጩ እዚያ ጋ በደንብ ያልተጣበቀ ይመስለኛል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንሥቼ አየዋለሁ።