የፈራኋቸው ሰዎች ሁሉ በእኔ ድምፅ ይናገሩ ነበር

ጀበና ቡና መሸጥ ልጀምር ስነሳ የዕቃው ነገር ብዙም አላስጨነቀኝም። ረከቦቱና ሲኒው ከቤት ተገኘ። የከሰል ምድጃ፣ ሁለተኛ ጀበናና ጥቂት ዱካዎች ገዛሁ፤ ሳሪስ አቦ አካባቢ፣ ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ጥግ ተከራየሁ። የከበደኝ የሰፈሩ ሰው ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። የተመረቅኩ ዕለት እናቴ ድንኳን ተክላ ጎረቤቱን አብልታለች፤ ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶም እስከዛሬ ሳሎናችን ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። የምሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ፤ ሌላ ሥራ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እና አሁን ያንን ድግስ የበላ ሰው ጠዋት ማታ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሰል አያይዤ ልቀመጥ ነው።

የማማክረው ሰው ሁሉ «ሰው ምን ይለኛል አትበይ» ይለኛል። ይህ ምክር ለእኔ ሠርቶልኝ አያውቅም። ፊት ለፊት የሚናገርን ሰው እንዳልሰሙ ሆኖ ማለፍ ይቻላል፤ ሌሊት አልጋ ላይ የሚመጣውን፣ ገና ማንም ያልተናገረውን ወሬ ግን በምን ይዘጉታል? ስለዚህ ተቃራኒውን አደረግኩ። ደብተር አውጥቼ አንድ በአንድ አስወራኋቸው።

ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። (የሂሳብ ሰው አመሉ አይለቀውም፤ ግራና ቀኝ ከሌለ አይሆንልኝም።) በግራ በኩል ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚለኝ ጻፍኩ፤ ቀኙን ባዶ ተውኩት። እናቴ እድር የምታውቃቸው አንዲት ሴትዮ «ያን ሁሉ ዓመት ተምራ መጨረሻዋ ይኼ ሆነ» ይላሉ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከታክሲ ስትወርድ ታየኛለች፣ እንዳላየች ሆና ፊቷን ታዞራለች። የቀድሞ አለቃዬ መኪናቸውን አቁመው በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቴ ከሰው መሐል መግባት ትተዋለች። በረንዳው ሥር የሚቀመጠው ሊስትሮ እንኳ አልቀረኝም።

እንዲህ የማድረጉ ሐሳብ የራሴ አይደለም፤ አልበርት ኤሊስ ከተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታሪክ የወሰድኩት ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የ19 ዓመት ልጅ ሳለ የማያውቃትን ሴት ማናገር እጅግ ይፈራ ነበር አሉ። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ወዳለው የዕፅዋት መናፈሻ እየሄደ፣ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ባየ ቁጥር አጠገቧ ቁጭ እያለ ወሬ ይጀምር ጀመር። በአንድ ወር 100 ያህል ሴቶች አናገረ። ቀጠሮ የሰጠችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ሳትመጣ ቀረች። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፤ እኔን የገረመኝ ግን ኤሊስ ከዚያ ያገኘው ነገር ነው። የፈራው አንዱም አልደረሰበትም። ፖሊስ የጠራበት እንኳ የለም። የፈራውን ነገር በእርግጥ ይሆን እንደሆነ ሄዶ ማየት፣ ያ ብቻ ነበር ሥራው።

ደብተሬ ሲሞላ ከመጀመሪያው አነበብኩት። በረንዳው ላይ ገና አንድ ቀን እንኳ ሳልቀመጥ ግማሹ ፍርሃት እዚያው ተናደ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ምክንያቱም የእድሯ ሴትዮ፣ አለቃዬ፣ ሊስትሮው፣ ሁሉም የሚናገሩት አንድ ዓይነት አማርኛ ነው። ሊስትሮው ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ እኔ ደብተር ላይ ግን ስለ ሥራ ገበያና ስለ ትምህርት ጥራት ይተነትናል። ይባስ ብሎ ሁሉም ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ያውቃሉ። አለቃዬ የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ላይ እንዴት እንደተንተባተብኩ ያውቃሉ፤ ያን ቀን እዚያ አልነበሩም። የእድሯ ሴትዮ ኮስት አካውንቲንግ ላይ «ሲ» እንዳመጣሁ ያውቃሉ። ከየት ሰሙት?

ጥሬ ዕቃው ከየት እንደመጣም አጣራሁ። ቢሮ ሳለሁ ከምሳ በኋላ ቡና የምንጠጣባት አንዲት ልጅ ነበረች። አንዳንድ ቀን ሳያት «ምስኪን፣ ሌላ አማራጭ አጥታ እኮ ነው» እል ነበር በልቤ። ደብተሩ ላይ አለቃዬ የሚሉኝ ያንኑ ነው፣ ቃል በቃል። የራሴን አስተያየት ለሰው አከፋፍዬ መልሼ እየተቀበልኩት ነበር። ከዚያ ደግሞ አንድ ጥያቄ ለራሴ አቀረብኩ፤ ያቺ ልጅ የምትለብሰው ቀሚስ ምን ዓይነት ነበር? አላስታውስም። ሻሽ ታስር ነበር? እንጃ። ያን ያህል ጊዜ ከእጇ ተቀብዬ ጠጥቼ መልኳን እንኳ በደንብ አልያዝኩትም። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገብተዋቸዋል። ለባሾቹ ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ሰው ቲሸርቱ ላይ ያለውን ሥዕል ያየባቸው መስሏቸው ነበር፤ ያስተዋለው ሩብ ገደማ ነው። እኔ ከዚያም የባሰ አላፊ አግዳሚ ነበርኩ።

ሥራውን ስጀምር ግን ይህ ሁሉ እውቀት አላዳነኝም። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩ፤ ከኮሮና ዘመን የተረፈ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አደረግኩ፤ የማውቀው ሰው ሲመጣ ስልክ የማወራ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ውጤቱ? የታክሲው ተራ አስከባሪ መጥቶ «እህቴ አመመሽ እንዴ? ጉንፋን ከሆነ ቡናውን ለሌላ ሰው ስጪው» አለኝ። ቀን ሙሉ ያየኝ ሰው ቢኖር ያው በመሸፋፈኔ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ በ1995 እ.ኤ.አ. ስለ ማኅበራዊ ፍርሃት ባቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ያለው መደበቂያ ፍርሃቱን ያቆየዋል ይላሉ። ሰው ምንም ሳይለን ሲቀር «ስለተሸፋፈንኩ ነው» እያልን ለመደበቂያው እናመሰግናለን፤ ሰውየው ቀድሞውንም ምንም ሊል እንዳልነበረ ማወቂያ አይኖረንም። በማግስቱ መሸፈኛውን ቤት ትቼ ወጣሁ። ከጻፍኩት ሁሉ ለሌላ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ከባዱም እሱ ነው።

ፊቴን ገልጬም ቢሆን ሰው ሁሉ እያየኝ ይመስለኝ ነበር። የሚያልፍ ሰው ዓይኑ ከእኔ ላይ ሲነሳ «አፍሮብኝ ነው» እላለሁ፤ ዓይኑን ካላነሳ «እየታዘበኝ ነው» እላለሁ። ሁለቱም ያው ፍርድ ሆኑ። በ1980 እ.ኤ.አ. ሮበርት ክሌክና አንጀሎ ስትሬንታ የሠሩት ሙከራ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የተሳታፊዎቹ ፊት ላይ በሜካፕ አስቀያሚ ጠባሳ ሠርተው በመስታወት አሳዩዋቸው። ቀጥሎ ጠባሳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት እንቀባዋለን ብለው፣ ሳያውቁት አጠፉት። ተሳታፊዎቹ ጠባሳው እንዳለ አምነው ከማያውቁት ሰው ጋር ተቀምጠው አወሩ። ሲጨርሱ ያ ሰው በጠባሳው ምክንያት እንደተሳቀቀ፣ ዓይኑን እንዳሸሸ ተናገሩ። የሌለ ጠባሳ! ሰው ሲያወራ ዓይኑን ያነሳል፣ ይጥላል፤ እነሱ ግን ትርጉሙን ከቤት ይዘውት ነው የመጡት። እኔም ከዚያ በኋላ የሰውን ዓይን መተርጎም ተውኩ ማለት አልችልም፤ ደብተሩ ቀኝ በኩል የምጽፈው ግን አፍ የተናገረውን ብቻ ሆነ። ዓይን፣ ቅንድብና ዝምታ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም።

እና ቀኙ ገጽ ቀስ በቀስ ተሞላ። ጓደኛዬ ከታክሲ ወርዳ አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ ራሷ ፍቺ አወራችኝ፣ ስለ እኔ የጠየቀችኝ ቡናው ሁለተኛ ሲኒ አለው ወይ ብላ ብቻ ነው። አለቃዬ እስከዛሬ አላለፉም። ሊስትሮው ቡና በዱቤ ይጠጣል። የእድሯ ሴትዮስ? እሳቸው እውነትም ተናገሩ። «ያን ሁሉ ተምረሽ፣ ልጄ» አሉኝ ቆመው። ፍርሃቱ ሁሉ ባዶ ነው የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ አልኖረም፤ ሰው ያወራል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ደብተር ላይ ሴትዮዋ ወሬውን ይዘው ከሰዓቱን ሙሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በእውን ግን አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ቡናው በኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቁኝ፣ ተወዷል ብለው ተናደዱ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነገሩኝና ሄዱ። ቃሉን በትክክል ገምቼዋለሁ፤ ክብደቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

የእናቴ ነገር ግን አሁንም ያስቀኛል። በእሷ ምትክ አፍሬላት፣ በእሷ ምትክ ተሸማቅቄላት ነበር የከረምኩት። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጥታ ዱካ ስባ ተቀመጠች። አንዴ ፉት አለች። ከዚያ እነሱ ፊት «ይኼ ቡና ነው? ቀጥኗል እኮ! ቆላሽው ወይስ አሞቅሽው?» አለችኝ። ለሌላ ፍርድ ተዘጋጅቼ ስጠብቅ ለካስ ፍርዱ ቡናዬ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ስሰማ ደንበኛ ሁሉ ይፈርዳል፤ ጨካኝም ነው። አርሯል፣ ስኳሩ በዛ፣ ሲኒው ጠርዙ ተሸርፏል፣ ከሰሉ ይጨሳል። ይህን ሰምቼ አቆላሌን አስተካከልኩ፣ ሲኒ ቀየርኩ። እኔን ማን እንዳስተማረኝና በስንት ነጥብ እንደተመረቅኩ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

(ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚይዘኝ ፍርሃት ግን ከዚህ አይቆጠርም። እሱ ምናብ አይደለም።)

ደብተሩ አሁን የዱቤ መዝገብ ሆኗል። በቅርቡ ሳገላብጠው በሱቁ በኩል ማለፍ ያቆመ የአንድ ደንበኛዬን ስም አገኘሁ። ሌላ ሰው ነው የነገረኝ፤ ልጁ እኔን ላለማግኘት ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድሞ እየወረደ ነው አሉ። «ባየችኝ ቁጥር እየረገመችኝ ነው» ይላል አሉ። እኔ መቅረቱንም አላስተዋልኩም ነበር። ያለበት ዕዳ የሦስት ሲኒ ነው።