ቦሰትን ወጥቼ የወረድሁበት ቀን፣ ይልቁንም የወረድሁበት

ከአዳማ በስተ ምሥራቅ የሚታየውን የቦሰት ተራራ ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ብኖርም ጫፉን የረገጥሁት ባለፈው ጥር ነው። ስለ መውጣቱ የምለው ጥቂት ነው። ከመናኸሪያው እስከ ወለንጪቲ በሚኒባስ፣ ከዚያ እስከ ግርጌው በባጃጅ ይኬዳል፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 2,447 ሜትር ሲሆን፣ ሽቅቡ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው። ደህና ጫማ ያለው ጤነኛ ሰው ይወጣዋል።

ነገሩ የተበላሸው ገና ተራራው ሥር ሳንደርስ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ጥንቁቆች ነን ብለን፣ በዚያው ጠዋት የፈቃድ ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልን። ደብዳቤው ወዲያው ተጻፈ፤ ማኅተሙን የያዙት ሰው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ እስከ አራት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ወንበር ላይ ተጎለትን። በመጨረሻም አንድ ባለሙያ «ለመውረድ ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል፤ መንገድ መሪም አያስፈልጋችሁም» ብለው ሸኙን። እርስዎ ወጥተውት ያውቃሉ ወይ ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የጠዋቱን ቅዝቃዜ ቢሮ ውስጥ አሳልፈን በቀትር ፀሐይ ወጣን፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በደቡብ ጭላሎ፣ በሰሜን ምሥራቅ ፈንታሌ፣ በምዕራብ ርቆ ዝቋላ ይታያሉ፤ አዋሽ በሶደሬ በኩል በደረቀው ምድር መካከል አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይጠማዘዛል። እይታው ድካሙን ያስረሳል፤ ሰዓቱንም አስረሳንና አንድ ሙሉ ሰዓት ተቀመጥን።

ስንወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት እንኳ አልቀራትም። የወጣንበት የፍየል መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ፣ በቀጥታ ወደ ታች የሚወርደውን ጥቁር የድንጋይ ክምር አቋራጭ ይሆነናል ብዬ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቦሰት እሳተ ገሞራ ነው፤ ያ ጥቁር ክምር ቀልጦ ፈስሶ በፍጥነት የቀዘቀዘ ዓለት፣ ማለትም ባልጩት ነው። ቆዳ ፋቂዎች ለመፋቂያ የሚመርጡት ስለቱ እንደ ምላጭ በመሆኑ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ዕውቀቴን ግን ከእግሬ ጋር አላገናኘሁትም። የበሬ ራስ የሚያህሉት ድንጋዮች ሲረግጧቸው እንደ ጠርሙስ እየጮኹ ይንከባለላሉ። ገና ሩቅ ሳንሄድ አንደኛው ከሥሬ ሸሸና ወደቅሁ፤ የተመረኮዝሁበት መዳፌ ሲከፈት ሕመም እንኳ አልተሰማኝም፤ መቆረጤን ያወቅሁት ድንጋዩ ላይ ደም ሳይ ነው። ያሠርሁት በአክስቴ ልጅ ነጠላ ጫፍ ነው። ከዚያ በኋላ በመቀመጫችን እየተንፏቀቅን፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራችን እየፈተንን ወረድን። በየሰው የያዝነው ሁለት ሊትር ውኃ አልቋል፤ በመንገዳችን አንዲት ምንጭ አላየንም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨለመ፣ ከታች ጅብ ጮኸ፣ የስልኬም ባትሪ በመጨረሻው ቀይ መስመር ላይ ነበር።

ያዳኑን የስልካችንን ብርሃን አይተው በኦሮምኛ የተጣሩ አንድ አዛውንት ናቸው። የአክስቴ ልጅ ቋንቋውን ስለሚችል «ኦቦ፣ በየት እንውረድ?» እያለ፣ በድምፃቸው እየተመራን ወደ ግራ ሄደን ከክምሩ ወጣን። ውኃ አጠጡንና ጥቁሩን ድንጋይ ፍየል እንኳ እንደማይረግጠው ነገሩን።

ስለዚህ ደብዳቤ ካስፈለገ በዋዜማው ይጻፍ፤ በዕለቱ ማኅተም ከመጠበቅ ጉዞውን መተው ይሻላል። ከአዳማ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ይነሡ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ቢቀርም ባይቀርም ይመለሱ። መንገድ መሪ አያስፈልግም የሚልዎትን አይስሙ፤ ከግርጌው መንደር አንድ እረኛ በተገቢው ክፍያ ይያዙ። ለአንድ ሰው አራት ሊትር ውኃና የቆዳ ጓንት ይያዙ፤ ጓንቱን ለመውጣት ሳይሆን ለመውረድ።

ደብዳቤውን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀንም። የደረቴ ኪስ ውስጥ ሳገኘው ክብ ማኅተሙ በላብ ደብዝዞ፣ አንዱ ጥግ በደሜ ተጣብቆ ነበር።